መኪናውን እያቀለለ በረሃን የተሻገረው ራልፍ ባግኖልድ

ለሩቅና ለአስቸጋሪ ጉዞ የሚሆን መኪና ሲታሰብ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። በአራቱም ጎማ ይጎትት እንደሆነ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ይጠይቃል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ግን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋ አነስተኛ ፎርድ እየነዳ፣ ግመል ነጂዎች ሳይቀሩ ዳር ዳሩን ወደሚያልፉት የሊቢያ በረሃ ገብቶ ወጣ። መንገድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጎሚስታና የውኃ ጉድጓድ በሌለበት ምድር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞ በሰላም ተመለሰ።

ይህ ሰው ራልፍ አልጀር ባግኖልድ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለበረሃና ለዱር ጉዞ መኪና የሚያዘጋጁ ሰዎች ከሚይዟቸው ዕቃዎችና ከሚከተሏቸው ልማዶች በርካቶቹ በእሱና በጓደኞቹ እጅ የተፈተኑ ናቸው። የሕይወቱ ትምህርት ግን ከዕቃው ይልቃል። ሰውን ወስዶ የሚመልሰው ከመነሳት በፊት የተቆጠረው፣ የተመዘነውና የተቀነሰው ነገር መሆኑን ባግኖልድ በተግባር አሳይቷል።

ከምሽግ ወደ ካይሮ

ባግኖልድ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 3 ቀን 1896 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው የዴቨንፖርት ወደብ ተወለደ። አባቱ የመሐንዲስ ጦር መኮንን ነበሩ፤ በካርቱም የተከበቡትን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን በ1884 እና በ1885 የዓባይን ወንዝ ተከትሎ በዘመተው ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ታላቅ እህቱ ኢኒድ ባግኖልድ ደግሞ ኋላ ላይ ስመ ጥር ደራሲ ሆናለች።

ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በ1915 የመሐንዲስ ጦር መኮንን ሆነ። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት በፈረንሳይና በቤልጂየም ምሽጎች አሳለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምሮ ወደ ሠራዊቱ ተመለሰ፤ የተመደበውም በመገናኛ ጦር ክፍል ነበር። በ1926 ወደ ግብፅ ተላከ።

በዚያ ዘመን ካይሮ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች የዕረፍት ጊዜያቸውን በአብዛኛው በፈረስ ጨዋታና በግብዣ ያሳልፉ ነበር። ባግኖልድና ጥቂት ጓደኞቹ ግን በገዛ ገንዘባቸው አሮጌ ሞዴል ቲ ፎርዶች እየገዙ ወደ ሲና፣ ወደ ፍልስጤም፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ሲዋ ገነት ይነዱ ጀመር። ሞዴል ቲ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው፣ ነገር ግን ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቀላልና በቀላሉ የሚጠገን መኪና ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቀላል መኪና ቃኚዎች በዚያው በረሃ ተጠቅመውበት ነበርና ባግኖልድ የእነርሱን ልምድ ሳይንቅ መነሻ አደረገው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲሱ ሞዴል ኤ ፎርድ ተሸጋገረ። ይህኛው 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የሚገፋው ግን አሁንም የኋላ ጎማ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ መቀነስ

ባግኖልድ መኪናን ለበረሃ ሲያዘጋጅ የሚጀምረው ከመጨመር ሳይሆን ከመቀነስ ነበር። የፋብሪካውን ቦዲ አንስቶ በሻንሲው ላይ ቀለል ያለ የእንጨት ሳጥን ያስቀምጣል። ለመንገድና ለምርመራ የማያገለግል ጌጥ ሁሉ ይወገዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሸዋ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ጎማውን ወደ ታች ይጫናል፤ የሰጠመ ጎማ ተጨማሪ ቤንዚን ይበላል፤ ተጨማሪ ቤንዚን ደግሞ ራሱ ተጨማሪ ክብደት ነው። ከመነሳት በፊት የተቀነሰ አንድ ኪሎ በመንገድ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ያተርፋል።

የተቀነሰው ቦታ የሚሞላው ለሕይወት አስፈላጊ በሆነው ብቻ ነበር። ቤንዚን በጣኒካ፣ ጣኒካውም በእንጨት ሣጥን ይጫናል። ቀጥሎ ውኃ፣ ምግብ፣ የመለዋወጫ ዕቃ፣ መሣሪያና ብርድ ልብስ ይመጣሉ። የእያንዳንዱ መኪና የነዳጅ ፍጆታ በመሬቱ ዓይነት ተለይቶ ይመዘገባል፤ ጠጠራማው ሜዳ ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ ለስላሳው አሸዋ ምን ያህል እንደሚበላ ይታወቃል። የጣኒካው ቁጥር የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነበር። የመመለሻው ነዳጅ ከመሄጃው ጋር እኩል ክብር አለው፤ ግማሹ ከማለቁ በፊት ውሳኔው መሰጠት አለበት።

ጣኒካው ግን ስስ በመሆኑ በጉዞ ላይ እየተላተመ ያፈስ ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሠራዊት ጠንካራ የብረት መያዣ ሲታወቅ ነው። እንግሊዛውያን ጀርመኖችን ጄሪ እያሉ ይጠሩ ስለነበር ዕቃው ጀሪካን ተባለ። ዛሬ በየቤቱ ውኃ የሚቀዳበት ጀሪካን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

የማይባክን ውኃ፣ የማይዋሽ ጥላ

የዚያ ዘመን መኪና ትልቁ ጠላት የራዲያተር መፍላት ነበር። በተለይ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ሞተሩ አይበርድም፤ ውኃው ይፈላና በትርፍ ማስወጫው ቱቦ በኩል በእንፋሎት መልክ አየር ላይ ይቀራል። ይህን የጠፋ ውኃ ለመተካት ከሚጠጣው መቀነስ የግድ ነው። ባግኖልድ የትርፍ ማስወጫውን ዘግቶ በምትኩ ቱቦ ቀጠለና ጫፉን በመኪናው ጎን ላይ በታሰረ፣ በግማሽ ውኃ በተሞላ ጣኒካ ውስጥ ነከረው። ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት ጣኒካው ውስጥ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። ጣኒካውም ሲፈላ መኪናው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቆማል። ሞተሩ ሲበርድ በራዲያተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ውኃውን ራሱ መልሶ ይስበዋል። ክዳኑ አየር የማያስገባ እስከሆነ ድረስ ከራዲያተሩ የሚባክን ውኃ የለም ማለት ይቻላል። ቱቦና ጣኒካ ብቻ የጠየቀው ይህ ብልሃት የሰዎቹን የመጠጥ ውኃ ከሞተሩ ጥማት አዳነ። ዛሬ በብዙ መኪኖች ኮፈን ሥር ያለው የራዲያተር ትርፍ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚሠራው በተመሳሳይ መርህ ነው።

ሁለተኛው ችግር አቅጣጫ ነበር። ኮምፓስ በብረት የተሞላ መኪና ውስጥ ይስታል፤ ለማንበብ መኪናውን አቁሞ መራቅ ያስፈልጋል። ባግኖልድ ለዚህ የተሻሻለ የፀሐይ ኮምፓስ ሠራ። በ360 ዲግሪ የተከፋፈለ ጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ በሾፌሩ ፊት ይቀመጣል፤ በመካከሉ ቀጥ ያለ ቀጭን ሽቦ ይቆማል። የሽቦው ጥላ በሰሌዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። ፀሐይ ስትንቀሳቀስ ሰሌዳው በሰዓቱ መሠረት ይዞራል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ስለሚያጥር መሣሪያው አይሠራም፤ ተጓዦቹም ይህን ሰዓት ለዕረፍት ይጠቀሙበት ነበር። የተጓዙት ርቀት ከመኪናው ቆጣሪ ይመዘገባል። ማታ ደግሞ ከዋክብትን በቴዎዶላይት እየለኩ፣ የሰዓት ምልክት በሬዲዮ እየተቀበሉ የደረሱበትን ቦታ በካርታ ላይ ያረጋግጣሉ። ቀን በጥላ፣ ማታ በኮከብ ማለት ይህ ነው።

አሸዋውን መድፈር

ከግብፅ ምዕራብ የሚገኘው ታላቁ የአሸዋ ባሕር ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ ረጃጅም የአሸዋ ተራሮች የተሞላ ነው። አንዳንዶቹ ወደ መቶ ሜትር ይደርሳሉ። መኪና ሊያልፋቸው ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር። ባግኖልድ አሸዋው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አስተዋለ። ነፋስ የሚገፋው ጎን የተጠቀጠቀና መኪና የሚሸከም ሲሆን፣ ነፋስ የማያገኘው ጎን ደግሞ ቁልቁለታማና ልል ነው። የጎማው ነፋስ ቀነስ ሲል የጎማው እግር ይሰፋል፤ ክብደቱም ይከፋፈላል። በጠንካራው ጎን ፍጥነት ይዞ የገባ መኪና ሳይሰጥም ወደ ጫፉ ይወጣል። ነገር ግን ጫፉ ላይ ማዶውን ሳያይ የሚያልፍ ሾፌር በልሉ ገደል ይወረወራል። ስለዚህ ድፍረትና ጥንቃቄ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖር ነበረባቸው። ጠዋት አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ሳለ መንዳትም የተሻለ እንደሆነ ተማሩ።

ለሰጠመ መኪና የተገኘው መፍትሔ ደግሞ ከካይሮ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ የመጣ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሽግ ጣሪያ ለመሥራት የታሰበ ሸንተረር ያለው ረጅም የብረት ሰሌዳ ነበር። በሰጠመው ጎማ ፊት አሸዋው በአካፋ ይጠረግና ብረቱ ይነጠፋል። ጎማው ብረቱን ሲይዝ መኪናው ራሱን ጎትቶ ይወጣል። የብረቱ ሰሌዳ በማይበቃበት ቦታ የገመድ መሰላል አብሮ ይነጠፋል። ዛሬ በበረሃ መኪኖች ጣሪያና ጎን ላይ የሚታሰሩት የአሸዋ ሰሌዳዎች የዚህ ብረት ልጆች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ደንብ ነበር፤ በአንድ መኪና ብቻ ወደ በረሃው አይገባም። አንዱ ቢሰበር ሌላው ሰውን መመለስ አለበት።

ከሊቢያ በረሃ እስከ ጎጃም

በ1929 እና በ1930 ባግኖልድ የአሸዋውን ባሕር ዘልቆ ወደ አይን ዳላ፣ ወደ ጊልፍ ከቢርና ወደ ኡወይናት ተራራ የሚወስዱ ጉዞዎችን መራ። በ1932 ደግሞ ስምንት ሰዎች ያሉበትን ቡድን ይዞ የበረሃውን ደቡባዊ ክፍል አቋረጠ፤ እስከ ሱዳኗ ኤል ፋሸርም ደረሰ። ያ ጉዞ በጠቅላላው ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1934 ከፍተኛ ሜዳሊያውን ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ።

ከስምንቱ ተጓዦች አንዱ በሱዳን የግመል ጦር መኮንን የነበረው ሂው ቦስቴድ ነው። ይህ ስም ለጎጃም ታሪክ እንግዳ አይደለም። ቦስቴድ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሱዳን ድንበር ሻለቃ ጦርን እየመራ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በጎጃም ከፋሽስት ጦር ጋር ተዋግቷል። ዘመቻውን በአዛዥነት የመራው ኦርድ ዊንጌትም ቢሆን በ1933 በዚያው የሊቢያ በረሃ በግመል ተጉዞ፣ በአፈ ታሪክ የምትነገረውን ዘርዙራ የተባለች የጠፋች ገነት ፈልጓል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተከተላቸው ጦር መኮንኖች መካከል ጽናትን በሊቢያ አሸዋ ላይ የተማሩ ነበሩበት።

ገበሬዎች ያሽከረከሩት ጦር

ባግኖልድ በሕመም ምክንያት በ1935 ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ነበር። በ1939 ጦርነት ሲነሳ ተጠራና ወደ ኬንያ በመርከብ ተላከ። መርከቡ በሜዲትራኒያን ባሕር ከሌላ መርከብ ጋር በመጋጨቱ ፖርት ሰይድ ላይ ወረደ። በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር ዋና አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ካይሮ መድረሱን ሲሰሙ ወደ ኬንያ እንዳይሄድ አደረጉ።

ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነት ስታውጅ ባግኖልድ በደቡባዊው በረሃ በኩል የጠላትን ጀርባ የሚቃኝ ጦር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ዌቭል ፈቅደው ስድስት ሳምንት ሰጡት። ጦሩ ቆይቶ የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን ተባለ። ባግኖልድ ለዚህ ሥራ የፈለጋቸው ሰዎች ሞተር የሚያውቁ፣ ያለውን ዕቃ የሚቆጥቡና ሩቅ መሬት የለመዱ መሆን ነበረባቸው። ያገኛቸውም ከኒውዚላንድ ሠራዊት በፈቃደኝነት ከመጡት መካከል ነው። ብዙዎቹ በሰላሙ ጊዜ ገበሬዎች ነበሩ። የእርሻ መሣሪያቸውን ራሳቸው ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች ለበረሃው መኪና ባዳ አልሆኑም።

መኪኖቹ አንድ ተኩል ቶን የሚጭኑ ሼቭሮሌት የጭነት መኪኖች ነበሩ። እነዚህም በኋላ ጎማ ብቻ ይገፋሉ። በሩና የፊት መስታወቱ ተነሳ፤ ባሌስትራው ተጨማሪ ንብርብር ተደረገለት፤ የጭነት ስፖንዳው ከፍ አለ። የውኃ መመለሻው ጣኒካ፣ የፀሐይ ኮምፓሱና የአሸዋ ብረቱ በየመኪናው ተገጠሙ። እንዲህ የተዘጋጀ ጓድ ያለ ረዳት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር።

በሴፕቴምበር 1940 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጓዶች በኩፍራና በኡወይናት መካከል ያሉትን የጣሊያን ማረፊያ ሜዳዎችና የቤንዚን ክምችቶች አወደሙ። ይህ መስመር ለኢትዮጵያም ትርጉም ነበረው። ፋሽስት ጣሊያን ከሊቢያ ወደ ያዘችው ምሥራቅ አፍሪካ የምትልካቸው አውሮፕላኖች በዚያ በኩል ያልፉ ነበርና። በ1941 አጋማሽ ላይ ባግኖልድ የጦሩን አዛዥነት ለቀድሞ የጉዞ ጓደኛው ለጋይ ፕሬንደርጋስት አስረከበ። በ1944 በብሪጋዴርነት ማዕረግ ሠራዊቱን ለቀቀ።

ከአሸዋው ጀርባ ያለው ዕውቀት

ባግኖልድ በበረሃው ሲጓዝ አንድ ጥያቄ አብሮት ነበር፤ ነፋስ አሸዋን እንዴት ይሸከማል? ከሠራዊቱ በተሰናበተበት ዓመት ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ነፋስ የሚነፍስበት የመሞከሪያ ዋሻ ሠርቶ መልሱን ይፈልግ ጀመር። በ1938 ወደ በረሃው ተመልሶ የላቦራቶሪ ውጤቱን በእውነተኛ ነፋስ ፈተነው። ጥናቱ በ1941 በመጽሐፍ ታተመ፤ በ1944 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን አበቃው።

ግኝቱ ለገበሬም የሚገባ ነው። አሸዋ በአብዛኛው እንደ አቧራ ተንሳፍፎ አይሄድም፤ እየዘለለ ይሄዳል። አንዱ ቅንጣት ዘልሎ ሲወድቅ ሌላውን መትቶ ያስነሳል። አብዛኛው እንቅስቃሴ የሚካሄደው ለመሬት ቅርብ በሆነው አየር ውስጥ ነው። ነፋሱ አንዴ አሸዋ ማንሳት ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚሸከመው አሸዋ በእጥፍ አይወሰንም፤ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ያድጋል።

የሰሜን አሜሪካ እርሻ በ1930ዎቹ በአቧራ ማዕበል ተመትቶ ስለነበር የአፈር ተመራማሪዎች ይህን ዕውቀት ለእርሻ መሬት ተጠቀሙበት። መልእክቱ ቀላል ነው። የመሬቱን ገጽ የሚያሻክር ነገር ሁሉ በአፈሩ አጠገብ ያለውን ነፋስ ያደክማል። በማሳ ላይ የቀረ ገለባና አገዳ፣ ነፋሱን በሚያቋርጥ አቅጣጫ የወጣ ትልም፣ በማሳ ዳር የተተከለ የዛፍ ረድፍ የመጀመሪያው ቅንጣት እንዳይዘል ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ካልዘለለ የሚመታውና የሚያስነሳው ሌላ ቅንጣት አይኖርም። ዝናብ አጠር በሆኑ ቆላማ አካባቢዎች አዝመራው ተነስቶ ማሳው ራቁቱን በሚቀርባቸው ደረቅ ወራት ይህ ዕውቀት ከአፈር ጥበቃ ሥራ ተለይቶ አይታይም።

በኋለኛው ዕድሜው ደግሞ ፊቱን ወደ ወንዞች መለሰ። ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ጋር እየሠራ በ1966 ባሳተመው ጥናት ወንዝን እንደ ሞተር ቆጠረው። ውኃው ቁልቁል ሲወርድ ጉልበት ያወጣል፤ ከዚያ ጉልበት ከፊሉ ደለል ለመሸከም ይውላል። ጉልበቱን የሚያውቅ ሰው ወንዙ ምን ያህል አፈር ሊወስድ እንደሚችል መገመት ይችላል። መኪናውን በስሌት ያዘጋጀው ሰው ወንዙንም ያየው በዚያው ዓይን ነው።

ባግኖልድ እ.ኤ.አ ሜይ 28 ቀን 1990 በ94 ዓመቱ አረፈ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በማርስ ላይ የሚገኝ አንድ የአሸዋ ክምር ሥፍራ በስሙ ተጠርቷል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የላካት ባለ ስድስት ጎማዋ ኪውሪዮሲቲ በ2015 መጨረሻ ወደዚያ ሥፍራ ደርሳ አሸዋውን መርምራለች።

ዛሬ ላንድ ክሩዘር ወይም ሌላ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ይዞ ወደ በረሃ ወይም መንገድ ወደማይደርስበት ገጠር የሚወጣ ሰው ባግኖልድ ካልነበረው ብዙ ነገር ጋር ይነሳል። ሳተላይት አቅጣጫውን ይነግረዋል፤ ሞተሩም ብርቱ ነው። ያም ሆኖ ሸክሙን ያልቀነሰ፣ የመመለሻ ነዳጁን ያልቆጠረ፣ የመጠጥ ውኃውን ለብቻው ያላስቀመጠ፣ አካፋና ክሪክ ያልያዘና ሌላ መኪና ያላስከተለ ተጓዥ የባግኖልድን አሮጌ ፎርድ አይተካከልም።